አንድ ሸራ

«የክርስትና ስሙ ማነው?» አሉ የሃይሚ እናት እማማ አየሁሽ፣ የጠበሉን ጠርሙስ እንደያዙ። «ስሙ ሳይጠራ እንዴት ይጸለይለታል?»

ሃይሚ ወደ ሠራተኞቹ ዞረች። ለሰሊጥ ሥራ ቆላ ከወረዱት፣ ሳሉግ ከሚባሉት ስድስት የቀን ሠራተኞች አምስቱ ከጆንያዎቹ አጠገብ ቆመዋል። ስድስተኛው ዳሱ ሥር ተኝቶ ይንቀጠቀጣል።

«ትንሹ ጎጃሜ ነው የምንለው» አለ ዋሴ፣ ከመካከላቸው ትልቁ። «ሦስት ጎጃሜ ስላለን ነው።»

አንዱ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል ዋጠው።

ሃይሚ የታመመውን ልጅ ግንባር ነካች፤ እሳት ነው። ትናንት ውሃ ስታቀብለው «የአዲስ አበባዋ፣ ሰሊጥ ዛፍ ላይ የሚበቅል መስሎሽ ነበር አሉ!» ብሎ የቀለደባት ልጅ ነው።

ጥቅምት ተጋምሶ እንኳ ሰማዩ ጠቁሯል። የዓመቱ ሰሊጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተራግፎ በጆንያ ተደርድሯል። ትራክተሩ ከነተሳቢው ቆሞ ጭነቱን ይጠብቃል።

«ጆንያውን መጋዘን እናድርስ» አሉ አባቷ አቶ ባየልኝ። «ከዚያ ልጁን ገንዳ ውሃ ከተማ፣ ሐኪም ቤት ይወስደዋል። ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው።»

«ወባው ጭንቅላቱ ላይ ከወጣ ሁለት ሰዓት አይጠብቅም» አለ የትራክተሩ ሹፌር ሳጂድ። «ወንድሜን እንዲህ ነው ያጣሁት፣ ጋሼ።»

«እኔስ ጠልቼ ነው?» አባቷ ወደ ጆንያዎቹ ጠቆሙ። «ይህ ሰሊጥ የሃይሚ ትምህርት ነው። ከራሰ ማን ይገዛኛል?»

ሃይሚ መሬት መሬቱን አየች። ሦስት ዓመት አክስቷ ዘንድ አዲስ አበባ ተምራ፣ ገንዘቡ ሲያልቅ ክረምት ላይ ተመልሳለች። ሰሊጡ ሲሸጥ እንደምትሄድ ቃል ተገብቶላታል፤ ሻንጣዋን እንኳ አልፈታችም። እዚያ በሰንበት ትምህርት ቤት ነጭ ለብሳ ትዘምር ነበር። ጓደኞቿ እንባቸው ሲወርድ እሷ መዝሙሩ የሚያልቅበትን ትጠብቅ ነበር። «ልቤ ባዶ ነው» ብላ ለመምህሯ ነግራለች። «ጸልዪ» አላት። ጸለየች። ምንም አልተሰማትም።

አሁን ወደ ልጁ ጆሮ ጎንበስ አለች።

«ወንድሜ፣ የክርስትና ስምህ ማነው?»

ዓይኑን በግማሽ ገለጠ። «እታለም… አንቺ ነሽ? መጣሽ?»

እህቱን ነው የሚጠራው። አይደለሁም ልትለው አፏን ከፈተች።

«መጥቻለሁ» አለችው።

«ገብረ ማርያም» አለ፣ እህቱ ስሙን እንዴት ረሳችው እንደሚል ሰው።

እናቷ ጠበሉን ግንባሩ ላይ ቀቡትና አቡነ ዘበሰማያት ጀመሩ። ሃይሚ ግን ከእናቷ ጋር አልደገመችም። «ገብረ ማርያምን ማርልኝ» ትል ነበር፤ «ማርልኝ፣ ማርልኝ»፤ ድምፅ ማውጣቷን ያወቀችው ዋሴ «አሜን» ሲል ነው።

ተነሣች። «አባዬ፣ ትራክተሩ ይሂድ።»

«ትምህርትሽስ?»

ሃይሚ ልጁን ደግፋ ልታነሣው ጎነበሰች። አባቷ ደመናውን፣ ጆንያዎቹን፣ ከዚያ ልጁን አዩ። «ሳጂድ» አሉ በመጨረሻ፣ «ሞተሩን አስነሣ።»

አራት ሆነው ልጁን ተሳቢው ላይ አወጡት። ሌሎቹ ያለውን አንድ ሸራ ጆንያዎቹ ላይ ዘረጉ። ሃይሚ ከእናቷ ጋር ተሳቢው ላይ ወጥታ፣ የልጁን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ገና ነጠላዋን ስታለብሰው የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ወረዱ። ወፍራም ናቸው። ነጠላው ወዲያው ልጁ ደረት ላይ ተለጠፈ፤ ጥርሱ ይንገጫገጭ ጀመር። ገንዳ ውሃ ደግሞ ሩቅ ነው፤ ተሳቢው ጣራ የለውም።

ሸራውን አየችው።

ማንንም አልጠየቀችም። ልጁን ለእናቷ ትታ ወረደችና የሸራውን ጫፍ ያዘች። በወዲያኛው ጫፍ የአባቷ እጅ ነበር። አልለቀቁም። ሸራው በመካከላቸው ተወጥሮ ዝናቡ ከበሮ እንደሚመታ መታው።

«ሃይሚ…»

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

አባቷ ጫፉን ይዘው ወደ እሷ መጡ። ወደ ተሳቢው አብረው ተሸክመውት ሄዱ።

ሃይሚ ተመልሳ ልጁ ጎን ተቀመጠች። ትራክተሩ ሲነሣ ወደ ኋላ አልዞረችም፤ የእርጥብ ሰሊጥ ሽታ ግን እስከ መንገዱ ተከተላት። ከሸራው ሥር ጨለማ ነው። ሐኪም ቤት ስሙን ይጠይቃሉ፤ እንዳትረሳው፣ እሱም እንዳይተኛባት፣ መንገዱን ሁሉ ጠራችው።

«ገብረ ማርያም።»

«አቤት» አለ አንድ ጊዜ፣ በቀጭን ድምፅ።

«አለሁ» አለችው።