የወይዘሮ አስካለማርያም ጉርሻ

ሶሊያና ፔንግን የወደደችው በተንኮሉ ነው።

ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ፣ በረዶ የሆነ ሐይቅ ላይ ቆሞ ሲጽፍ አገኘችው። ምን እንደሚጽፍ ብትጠይቀው፣ ድሮ አንድ ፈረንጅ ተጓዥ ላኦስ አገር፣ የአያቶቹ መንደር ደርሶ፣ «ሥራ ፈተው ውሃ ሲያዩ ይውላሉ» ብሎ መጽሐፍ እንዳሳተመባቸው ነገራት። አሁን ተራው የፔንግ ነው። በረዶውን በስተው፣ ባልዲ ላይ ተቀምጠው ዓሣ የሚያጠምዱትን ፈረንጆች በአገጩ እያሳያት አነበበላት።

«የአገሬው ሰዎች ቀኑን ሙሉ ለአንዲት ቀዳዳ ይሰግዳሉ።»

ሶሊያና ሆዷን ይዛ ሳቀች። በሥራዋ የምታስታምማቸው ፈረንጅ ሽማግሌዎች ስንቴ «አገራችሁ ፎቅ አለ?» ብለዋታል! አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ክረምቱ ሳይወጣ ተዋደዱ። የፔንግ እናት እጇ ላይ ነጭ ክር አሰሩላት። ለምን እንደሆነ ጠየቀችው፤ ምርቃት ነው አላት። እሷም ሴንት ሉዊስ ፓርክ የሚባል ጎረቤት ከተማ፣ እናቷ ቤት ወሰደችው። ወይዘሮ አስካለማርያም እንግሊዝኛ ስለማይሆንላቸው ዝም ብለው ሲያጎርሱት አመሹ።

ፔንግ ሲጽፈው የነበረው መጽሐፍ ታትሞ ወጣ። ሶሊያና እየሳቀች ስታነብ አንድ ገጽ ላይ ደረቀች። «የኢትዮጵያ ሴት እንግዳን በእጇ ታጎርሳለች፤ የወንድ ገረድ መሆኗን የምታሳየው እንዲህ ነው።»

ደሟ ፈላ። ሆስፒታል ወለል እየወለወሉ ብቻቸውን ያሳደጓት እናቷ የማን ገረድ ናቸው? ፔንግ ሲደውል ስልኩን አላነሳችም። ቆይ፣ አገኝሃለሁ አለች በሆዷ።

ፔንግ መጻሕፍት ቤት ውስጥ ለአንባቢዎቹ አንብቦ ሲጨርስ፣ ጥያቄ ያለው ተባለ። ተነሥታ ከወረቀት አነበበች።

«የሴንት ፖል እናት እንግዳ እንዳያመልጣት እጁን በክር ታስራለች።»

ሰዉ ሳቀ። ፔንግ ግን ፊቱ ተለዋወጠ።

«ክሩ ምርቃት ነው። ነግሬሽ የለ?»

«ስለጠየቅኩህ ነዋ የነገርከኝ። አንተ እናቴን ጠየቅሃት?»

ፔንግ መጽሐፉን ከደነ።

«ያ የላኦሱ ፈረንጅም አልጠየቀም» ብላ ጥላው ወጣች። ምን ይደበቃል፣ በቀሉ ጣፍጧታል። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ግን ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ ክሩን አልፈታችውም ነበር።

እሑድ በሩ ተንኳኳ። ፔንግ ነው። ሶሊያናን አልፎ እናቷ ፊት ቆመና፣ ያን ቀን ለምን እንዳጎረሱት ጠየቃቸው። ሶሊያና ጥርሷን ነክሳ አስተረጎመች።

ወይዘሮ አስካለማርያም ከላይ እስከ ታች አዩት። «ከስቶብኝ ነዋ! ደግሞ ዛሬ ብሶበታል» አሉና ምግብ ሊያቀርቡ ተነሡ።

«ምን አሉ?»

«አፍህን ክፈት ብላለች።»

የመጀመሪያውን ጉርሻ ሶሊያና ራሷ ጠቀለለች፤ ሚጥሚጣውን አልሰሰተችለትም። ፔንግ እንባው እየወረደ ዋጠና ሁለተኛውን ጠበቀ።