የጉድጓዱ አፍ ፋኖስ

እስቲ ጠጋ በሉ። ኩራዙን ግን ማንም እንዳይነካብኝ፤ ለምን እንደሆነ ኋላ ትሰማላችሁ።

ድሮ ነው። ድንበሩ አጠገብ፣ ዛሬ ፍየል ብቻ የሚውልባት ያቺ ከተማ፣ ያኔ የድንጋይ ከሰል ይወጣባት ነበር። ወንዱ ሁሉ ፊቱ ጥቁር፣ አክታው ጥቁር። ሴቷ ባሏ መምጣቱን በሳሉ ነበር የምታውቀው። ትስቃላችሁ? እውነት ነው!

የከሰሉ ጉድጓድ ሕግ አንድ ነበር። አፉ ላይ ፋኖስ ይሰቀላል። መጨረሻ የወጣ ሰው ወደ ውስጥ ዞሮ "ማን ቀረ?" ብሎ ይጣራል። መልስ ሲያጣ ፋኖሱን ያጠፋል። ሳይጣሩ ማጥፋት ነውር ነው።

አንድ የክረምት ምሽት መጨረሻ የወጣው ይርዳው የሚባል ሰው ነው። ዝናቡ ይወርዳል፤ ደክሞታል። ታናሽ ወንድሙ ምንውዬለት እንደ ልማዱ ቀድሞት ጠላ ቤት የገባ መሰለው። ተጣራ? አልተጣራም! እፍ አለና ሄደ።

በዚያው ሌሊት የጉድጓዱ ጣሪያ ተናደ። ምንውዬለትም ቤቱ አልገባም። ሰፈሩ ምን አለ? ሰፈር መቼ ዝም ይላል! "ተሻግሯል፤ የማዶዋ ቆንጆ ወስዳዋለች" አለ። ያኔ ድንበር የሚሻገር ጎረምሳ ብዙ ነበርና ማንም ሊፈልገው አልወጣም። ይርዳውም አመነ። እናታቸው ግን ወደ ማዶ እያየች፣ "አንተ ጨካኝ! ደህና ሁኚ እንኳ ሳትለኝ?" እንዳለች ሞተች።

ከሰሉም አለቀ። አሠሪዎቹ ጉድጓዱን በድንጋይ ደፍነው ሄዱ።

ከዓመታት በኋላ ይርዳው ከድንበር ገበያ ሲመለስ መሸበት። ጨረቃ የለም። መንገዱ በጉድጓዱ አፍ በኩል ነው። ብቻውን! ሰው በዚያ ብቻውን ያልፋል?

መጀመሪያ ሳል ሰማ። "መንገደኛ ነው" አለ። ቀጥሎ የከሰል ሽታ መጣ። የምን ከሰል? ካለቀ ስንት ክረምቱ! ቀጥሎ አንድ ጥቁር ሰው ከፊቱ ቆሟል፤ ግድግዳ እንደሚፈልግ ዕውር አየሩን ይዳብሳል።

"ጋሼ፣ አንተ ነህ?"

ይርዳው ወደ ኋላ አፈገፈገ። "ምን... ምንውዬለት? ማዶ አይደለህም እንዴ?"

"የምን ማዶ? የእጄ መብራት አለቀብኝ። የአፉን ፋኖስ እያየሁ ስወጣ ድንገት ጠፋብኝ። ጋሼ፣ ማን አጠፋው?"

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

"እማዬ እኮ ሳልመጣ እራቷን አትበላም" አለ ያ ድምፅ። "መውጫው በየት ነው?" እንዳለ ድንጋዩ ውስጥ ገባ።

ሲነጋ ይርዳው ዶማ ይዞ መጣ። ቆፈረ፣ ቆፈረ፣ እጁ ደማ። የተናደ ተራራ በአንድ ሰው ይነሳል? ከዚያ ወዲያ በየማታው እዚያ ፋኖስ እየሰቀለ፣ "ማን ቀረ?" እያለ ሲጣራ አረጀ። ይህን እሱ ለሚስቱ፣ ሚስቱ ለእናቴ፣ እናቴ ለእኔ ነግረው ነው የማውቀው፤ ጨምሬ እንደሆነ ምላሴ ይድረቅ። እሱም ሞተ። ዛሬ ፋኖሱን የሚሰቅል የለም። ምንውዬለት ግን አሁንም መብራት ያለበትን ቤት ይፈልጋል፤ ሲጠፋበት ደግሞ "ማን አጠፋው?" ሊል በሩ ላይ ይመጣል ይላሉ።

በዚያ መንገድ ብቻችሁን አትሂዱ፣ ልጆቼ። ሰው ሁሉ ሳይገባም መብራት አታጥፉ።

ኧረ! ኩራዙን ማን አጠፋው? አትንኩብኝ ብዬ አልነበር? ክብሪቱ የታለ?

ቆይ... ዝም በሉ እስቲ። በሩ ላይ የሚያስለው ማነው?