የደረቀው ግድግዳ

ኢንስፔክተር ለተሥላሴ የተጠራችው እሁድ ጠዋት ከቅዳሴ እንደወጣች፣ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ነው። ኮሌጁ አጠገብ ባለው በእትዬ ጽጌ ግቢ አንዲት ተከራይ ተማሪ ክፍሏን ከውስጥ እንደቀረቀረች ሞታ ተገኝታለች። «መርዝ ጠጥታ ነው» አላት የደወለው ፖሊስ፣ ነገሩን ጨርሶ እንዳስረከበ ሰው።

ደብረ ታቦር ላይ ተማሪ ከበዛ ወዲህ ቤት የማያከራይ ሰው የለም ማለት ይቻላል። በረቱም ማድ ቤቱም በጭቃ እየተለሰነ «ሰርቪስ» ሆኗል። ተማሪውስ ምን ያድርግ? የቸገረው እርጉዝ ያገባል። በሩ ከተዘጋለትና ጣሪያው ካላፈሰሰበት ተመስገን ብሎ ይገባል። የእትዬ ጽጌ ሰርቪስ በአንድ መስመር የተሠራ ባለ ሦስት ክፍል ነው፤ በአንዱ ዳር ከኩዌት የተመለሰችው ፍቅርተ ትኖራለች፣ መካከለኛው የሟቿ የገነት ነው፣ በሌላው ዳር ያለው በቅርቡ የተለሰነ ባዶ ክፍል ነው።

ገነት ይሻው የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አዋላጅ ነርስ ልትሆን ስድስት ወር ነበር የቀራት። ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ስባ ተኝታለች። ትራሷ አጠገብ አስመልሷታል። ጠረጴዛዋ ላይ ባዶ የአይጥ መርዝ ፓኬት ተቀምጧል። ለተሥላሴ ግን ፓኬቱን ትታ ፊቷን ነው ያየችው። ጉንጯም ከንፈሯም ቀልቷል፤ ከሩጫ የገባች እንጂ የሞተች አትመስልም። «ወይ እናቴ!» አለች በልቧ። የራሷ ልጅ በዚሁ ዕድሜ ናት።

ሬሳው ወደ ሆስፒታል ከሄደ በኋላ ደጃፉ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ተነሥተው ተቀበሏት። የገነት አባት አቶ ይሻው ናቸው፣ የእብናት ገበሬ።

«ዋናዋ አንቺ ነሽ ልጄ?»

«ነኝ አባቴ። እግዜር ያጥናዎት።»

«አንድ ነገር ነው የምለምንሽ። ልጄ ራሷን አላጠፋችም። የንስሐ አባቷ ቄስ ሙላቴ እየመጡ ነው። ‹መርዝ ጠጥታ ከሆነ ፍትሐት የላትም› ብለውኛል። ያለ ጸሎት ልትቀበርብኝ ነው! እናቷ የሺ ይህን ከሰማች ጀምሮ እህል ውሃ አልቀመሰችም። ማን እንደበላብኝ ፈልጊልኝ፤ እግርሽን ልሳም!»

«ይተዉ አባቴ፣ ይተዉ!» አለች ጎንበስ ሲሉ ትከሻቸውን ይዛ። «እዚህ መቼ መጡ?»

«ትናንት በጠዋት። ታናሿ ዝናሽ እዚሁ ኮሌጅ ደርሷታል፣ ነገ ትመጣለች። እህትማማቾቹ ጎን ለጎን ይሁኑ ብዬ ያችን ዳር ክፍል ልይዝላት ነበር የመጣሁ። ያደርኩት ከባለቤቲቱ ሳሎን ነው።»

እጃቸው እንደ ማንኛውም አራሽ እጅ ሻካራ ነው፣ ጥፍራቸው ሥር ጥቁር ገብቶበታል። ለተሥላሴ አየችው፤ ያን ጊዜ ግን ምንም አልመሰላትም።

መጀመሪያ የጠራችው ደረጄን ነው፣ የገነትን ጓደኛ፤ ጓደኛ ስንል ያው የሚታወቀውን ዓይነት። ልጁ ገና ሳይጠየቅ ማልቀስ ጀመረ።

«በእኔ ምክንያት ነው የሞተችው! ይኸው፣ ትናንት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የጻፈችልኝ።»

ስልኩን ተቀብላ አነበበች። «በቃን ደረጄ። ደህና ሁን። መጽሐፌን ሰኞ ክፍል ይዘህልኝ ና» ይላል።

«አንተን ነው የተወችህ እንጂ ራሷን መቼ ተወች?» አለችው ለተሥላሴ። «መጽሐፏን ለሰኞ የምትፈልግ ልጅ እሁድን ለመኖር አስባለች። ሂድ፣ ፊትህን ታጠብ።»

ፍቅርተ ጭንቅላቷን በሻሽ ጠፍራ ነበር የመጣችው። ከገነት ጋር ከሳምንት በፊት መጣላታቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«በምንድን ነው የተጣላችሁ?»

«በልብስ ማስጫ ገመድ! በገመድ ሰው ይገደላል እንዴ፣ ኢንስፔክተር?»

«ይገደላል። እሷ ግን በገመድ አልሞተችም። ጭንቅላትሽን ምን ሆነሽ ነው?»

«ሌሊቱን ሙሉ ሲፈልጠኝ፣ ሲያስመልሰኝ ነው ያደረው። ገነትም ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የራስ ምታት ክኒን ስጪኝ ብላ መጥታ ነበር።» እዚህ ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። «ተኮራርፈን ስለነበር ቀና ብዬ እንኳ አላየኋት። ክኒኑን አቀብዬ በሩን ዘጋሁባት።»

«አብራችሁ የበላችሁት ነገር አለ?»

«እየነገርኩዎት! ተኮራርፈን! እኔ ከምሠራበት ምግብ ቤት በልቼ ነው የመጣሁት።»

«መስኮትሽ ምን ሆኖ ነው በጨርቅ የተሸፈነው?»

«መስተዋቱ ከተሰበረ ሦስት ወሩ ነው። እትዬ ጽጌን አሠሩልኝ ብል አሻፈረኝ አሉ። ሌሊት ሌሊት ብርዱ ይገባል፣ የጥቅምት ብርድ ደግሞ ያውቁታል።»

ሁለት ሴቶች አብረው ሳይበሉ በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ዓይነት በሽታ! ለተሥላሴ ወደ ገነት ክፍል ተመልሳ ተንበረከከችና አልጋው ሥር አየች። በቆርቆሮ ክዳን ላይ ከዳቦ ፍርፋሪ ጋር የተለወሰ የአይጥ መርዝ ተቀምጧል፣ አይጥም ሰውም አልነካውም። ባዶው ፓኬት የዚህ ነበር። ቀና ስትል ደግሞ ኮርኒሱን አየችው፤ ከማዳበሪያ ጆንያ ተሰፍቶ የተወጠረ ነው። የክፍሎቹ ግድግዳ ኮርኒሱ ጋ ሲደርስ ያበቃል፣ ከዚያ በላይ ሦስቱም ክፍሎች አንድ ቤት ናቸው። እንዲህ ባለው ቤት አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው «ይማርህ» ይለዋል። ለተሥላሴም ተማሪ ሳለች ኖራበታለች።

እትዬ ጽጌን በረንዳቸው ላይ አገኘቻቸው።

«ዳር ያለችውን ክፍል ይክፈቱልኝ፣ እትዬ ጽጌ።»

«ምን ታደርግልዎታለች? ረቡዕ ነው የተለሰነችው፤ ጭቃዋ ገና ርጥብ ነው፣ ልብስዎን ያበላሽብዎታል!»

«ልብሴ ይታጠባል።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ክፍሉ ሲከፈት ግድግዳው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ መዳፏን ብታሳርፍበት ገና ለብ ይላል። ወጥታ ያንኑ ረቡዕ የተለሰነውን የውጭውን ፊት በጣቷ ብትነካው ጣቷ ሰመጠ። ወለሉ ላይ የተነጠፈው ፕላስቲክ ሁለት ቦታ ላይ በክብ ተለብልቧል፣ ልክ በከሰል ምድጃ ስፋት።

ከሰል! ጭሱ ካለቀና ፍሙ ከቀላ በኋላ የማይታይ፣ የማይሸት ነገር ይተፋል። በዝግ ክፍል ሁለት ምድጃ ከነደደ ያ ነገር በኮርኒሱ ላይ ተሻግሮ ወደ ገነት ይወርዳል። ፍቅርተን ያተረፋት የተሰበረው መስኮቷ ነው። ለተሥላሴ ሬሳውን ለሚመረምረው ሐኪም ደወለች። «ደሟ ምን ይመስላል?» አለችው። «ደማቅ ቀይ» አላት፤ የመርዝ ምልክት እንዳላየ፣ የከሰል ጋዝ እንደሚመስለውና የላብራቶሪው መልስም ይህንኑ እንደሚያረጋግጥ ነገራት።

የቀረው፣ ማን አስገባው የሚለው ነው። እትዬ ጽጌ? መስተዋት ለማሠራት የሰሰቱ ሴት ለባዶ ክፍል ሁለት ምድጃ ከሰል አያነዱም። ደግሞስ ርጥብ ግድግዳን በእሳት ማድረቅ የማን ብልሃት ነው? ያኔ አያቷ ትዝ አሏት። አዲስ ጎታ ሲለሰን፣ እህሉ ቶሎ እንዲገባ ውስጡ ፍም አስቀምጠው ያደርቁት ነበር። ጎታ ውስጥ ግን ሰው አይተኛም። ለነገ የቸኮለው ማን ነው? በበሩ ቀዳዳ ወደ ደጃፉ አየች፤ አቶ ይሻው ያንን ጥፍሩ የጠቆረ እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

ሃያ ዓመት በሥራዋ ላይ አንድም ቀን «ምነው ባላወቅሁት» ብላ አታውቅም ነበር።

ቄስ ሙላቴ ከእብናት እንደደረሱ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሁሉንም በረንዳው ላይ ሰበሰበቻቸው። ሬሳውን ወደ አገሩ የሚወስደው መኪና በሩ ላይ ቆሟል። ለተሥላሴ አሳቧን ቆርጣለች፤ ልጅቷን ከስሟ ታነጻለች፣ የቀረውን ግን በአደባባይ አትለውም።

«ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነው» ብላ ጀመረች። «ገነት መርዝ አልጠጣችም። መርዙ አልጋዋ ሥር እንዳለ አለ። በደረጄም አልሞተችም፤ ለሰኞ ቀጠሮ ነበራት። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል፣ ስለዚህ በእጁ የገደላት ሰው የለም። ፍቅርተን ግን ያው በሽታ ነክቷታል። ሁለቱ የሚጋሩት ኮርኒሱን ብቻ ነው። የገደላት በኮርኒሱ ላይ የመጣ የከሰል ጋዝ ነው፤ ሐኪሙም ይህንኑ ነው የነገረኝ። አባታችን፣ ይህ ድንገተኛ አደጋ ነው።»

ቄስ ሙላቴ በረጅሙ ተነፈሱ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት! ፍቅርተ ግን ብድግ አለች።

«ከሰሉ ከየት መጣ? ዳር ካለችው ክፍል ነዋ! እርስዎ ነዎት እትዬ ጽጌ! ጠዋት ሰው ሲጮህ እርስዎ ምድጃ ተሸክመው ወደ ማድ ቤት ሲገቡ አይቻለሁ!»

«ማውጣቱን አወጣሁ!» አሉ እትዬ ጽጌ እያለቀሱ። «ቤቴን ያሽጉብኛል ብዬ ፈርቼ ነው፣ በደብረ ታቦር ኢየሱስ! ያስገባሁት ግን እኔ አይደለሁም!»

«እኔ አውቃለሁ፣ እርስዎ አይደሉም» አለች ለተሥላሴ ቶሎ ብላ። «ይኸው በቃ፤ ጣቢያ እንነጋገርበታለን።»

«ምን በቃ ይላሉ! ነፍሰ ገዳይ እየተባልኩ?» አሉ እትዬ ጽጌ።

አቶ ይሻው ግራ ተጋብተው ከአንዱ ወደ አንዱ ሲያዩ ቆዩ።

«ሴትዮዋን ለምን ትወነጅሏታላችሁ?» አሉ በመጨረሻ። «ከሰሉን ያስገባሁት እኮ እኔ ነኝ። ምድጃውን ከእሷ ተውሼ፣ ከሰሉን ከገበያ ገዝቼ። ዝናሽ ነገ ርጥብ ቤት ከምትገባ ላድርቅላት ብዬ ነው፣ እንደ ጎታ። ደግሞም ሜዳ ላይ አንድጄ፣ ጭሱን በደንብ አስወጥቼ፣ ፍሙ ሲቀላ ነው ያስገባሁት። ጭስ የሌለው ፍም ምን ያደርጋል?»

ለተሥላሴ መሬት መሬት አየች። ቄስ ሙላቴ መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡት።

«ምን ያደርጋል?» አሉ እንደገና፣ አሁን ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። ደረጄን አዩት፣ ፍቅርተን አዩ፣ ለተሥላሴን አዩ። ከበረንዳው ደረጃ ላይ እንደ መቀመጥ ብለው ወደቁ።

ቄስ ሙላቴ አጠገባቸው ተቀመጡ። «ባለማወቅ ነው፣ ይሻው። እግዚአብሔር ያውቃል።»

«እግዜርማ ያውቃል። የማታውቀው የሺ ናት።» ቀና አሉ። «ፍትሐት አላት?»

«አላት። ሙሉ ፍትሐት አላት።»

«እንግዲያ ይህን እንኳ ልንገራት።»

ስልካቸውን ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው ደወሉ። የሺ ወዲያው አነሣች፤ ስልኩ ድምፁ ትልቅ ስለሆነ ሁሉም ይሰማዋል።

«የሺ፣ ልጅሽ ራሷን አላጠፋችም። ቄሱም ፍትሐት አላት ብለዋል።»

«ተመስገን!» አለች የሺ፣ እየጮኸች፣ እያለቀሰች። «ስሙ ይመስገን! ልጄ አታደርገውም ብያችሁ አልነበረም? ተመስገን!» ከዚያ ትንፋሿን ሰበሰበች። «ማነው ታዲያ? ማነው ልጄን የበላት? ይሻው!»

አቶ ይሻው ስልኩን ለለተሥላሴ ዘረጉላት።

«አንቺ ንገሪያት ልጄ። እኔ አልችልም።»

ለተሥላሴ ተቀበለች። ከጠዋት ጀምሮ ሰውን ሁሉ ስትጠይቅ የዋለችው እሷ ነበረች።

«እናቴ፣ ኢንስፔክተር ለተሥላሴ ነኝ» አለች።

«እሺ ልጄ። ንገሪኝ፣ ማነው?»

ቀጥሎ የሚባለውን ታውቀዋለች። ቃሉ ግን ከአፏ አልወጣ አላት፤ የሺም ከወዲያ ማዶ መልሷን ትጠብቃለች።