አፈር የሚበላው ማስክ

ኮሮና በገባበት ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጎንደር ፒያሳ ካለው የአቶ ማሩ ልብስ ስፌት ቤት አንድ ወጣት ገባ። ፊቱን በሰማያዊ ማስክ ሸፍኗል፤ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። «እንዴት አደራችሁ» ብሎ ጥቅልሉን ጨርቅ ከሚቆረጥበት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው።

የአቶ ማሩ ልጅ እፀገነት ከስፌት መኪናዋ ቀና አለች። ጋዜጣው ላይ የተኮማተረ፣ ቀለሙ የጠፋ ነገር አለ። መጀመሪያ ብጣሽ ጨርቅ መሰላት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ከጊደር ሆድ ያወጣሁት ነው» አለ ወጣቱ። «አጥቤዋለሁ፤ አትጸየፊው። ይሄ ፌስታል ነው። ይሄ ገመድ። እነዚህ ግን ማስክ ናቸው። እይው፣ ላስቲኩ እንኳ አልተበጠሰም።»

የሻው ይባላል፤ ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችው የትክል ድንጋይ ከተማ የእንስሳት ሐኪም ነው። ጊደሯ የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ሀብት ነበረች፤ የመጀመሪያ ጥጃዋን ልትወልድ ተቃርባ ነበር። ሆዷ ተነፍቶ፣ መኖ እምቢ ብላ ሞተች። የገደላትን ለማወቅ ሲከፍታት ያገኘው ይኸን ነው።

የእፀገነት ዓይን በሩ ላይ ወደተደረደሩት የማስክ ካርቶኖች ሄደ። ሠርግ ከቆመ፣ ቀሚስ የሚያሰፋ ከጠፋ ወዲህ ቤቱን ደግፈው ያቆሙት እነዚያ ካርቶኖች ናቸው።

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግልህ?» አለች። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ሻከረ።

«ልወቅስሽ አልመጣሁም፣ እህቴ። እኔም የምገዛው ከእናንተ ነው፤ ከእነዚህ አንዱ እኔው ራሴ የጣልኩት ይሆናል። ግን መስፋት እየቻላችሁ ምነው ይኸን ትሸጣላችሁ?»

ጥግ ላይ የተቀመጡት አባቷ አቶ ማሩ ሳቃቸውን ለመደበቅ በዚያ ዘመን የማይደፈረውን ሳል ሳሉ።

ወጣቱ ይቅርታ ጠይቆ ሄደ። እፀገነት እስከ ምሳ ሰዓት ስትናደድ ቆየች። ባሕር ዳር ሄዳ ጨርቃ ጨርቅ ተምራለች፤ ትሠራበት የነበረው ፋብሪካ ሠራተኛ ሲቀንስ ነው ዓይናቸው እየደከመ ወደሄደው አባቷ የተመለሰችው። ስለ ጨርቅ ማንም መጥቶ እንዲነግራት አትፈልግም። ከሰዓት በኋላ ግን ካርቶኖቹን ገፋ አድርጋ አቡጀዲ መቁረጥ ጀመረች።

የሻው በየቅዳሜው ጎንደር ይመጣል። የእንስሳት ክትባት ተቀብሎ፣ በበረዶ ሳጥን ይዞ ይመለሳል። በሚቀጥለው ቅዳሜ በበሩ ሲያልፍ እፀገነት ጠራችውና በሦስት ድርብ አቡጀዲ የሰፋችውን ማስክ ሰጠችው። ጠረጴዛው ላይ ሻማ አብርታለች።

«አድርገውና እፍ በላት።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ለወጠ። ተመልሶ እፍ ሲል ሻማዋ ነቅነቅ ብላ በራች እንጂ አልጠፋችም። እፀገነት ደስ አላት። ትንሽ ቆይቶ ግን የየሻው ግንባር ማላብ ጀመረ።

«ምን ሆንክ?»

«ሸጋ ነው። ሻማዋ ተርፋለች፤ የምጠፋው እኔ ነኝ እንጂ!»

ሳቀች። እሱም ሳቀ፤ ሳቁን ያየችው ከዓይኑ ጠርዝ ላይ ነው። ቡናማ፣ ሰው ሲያዳምጥ ጠበብ የሚል ዓይን ነበረው። ያን ቀን ማታ እፀገነት ስለ ጨርቅ እያሰበች የመጣባት ግን ያ ዓይን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሥራው የሁለቱም ሆነ። እሷ ሸማኔዎች ዘንድ እየሄደች ሳሳ ያለ፣ ሽመናው ግን ጥብቅ የሆነ ጥጥ ፈለገች። እሱ የሰፋችውን ትክል ድንጋይ ገበያ ወስዶ ለሰው እየሰጠ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰዉን አስተያየት ያመጣላታል።

«ጎረቤቴ አያ ዋሴ ‹ቆሎ የምቆረጥምበት ቀዳዳ ይኑረው› ብለዋል።»

«ቀዳዳ ካለው ምኑን ሸፈነው?»

«እኔም ያልኳቸው ይኸንኑ ነው። ‹እንግዲያ ቆሎው ይቅር› ብለው ተቀብለዋል።»

መስከረም ሲጠባ የሻው የትኛው እንደሚበሰብስ ለማየት የእሷን ማስክና አንድ ሰማያዊ ማስክ ከእናቱ ከወይዘሮ ይርገዱ ጓሮ፣ ፍግ ውስጥ ጎን ለጎን ቀበራቸው። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ቆፍሮ፣ ሁለቱንም ይዞ መጣ። ሰማያዊው ጭቃ ነካው እንጂ እንደነበረ ነው። የእሷ ጨርቅ በስብሶ እንደ እርጥብ ቅጠል በእጅ ይፈረፈራል።

እፀገነት እልል ልትል ምንም አልቀራት፤ ከዚያ ግን ጠጋ ብላ አየችው። ጨርቁ ካለቀበት መሃል የጆሮ ላስቲኮቹና የተሰፋበት የናይለን ክር እንደ አጥንት ቀርተዋል።

«ጊደር ይህን ብትበላውስ?» አለች ቀስ ብላ።

«ያልሽው አንቺ ነሽ። እኔ አንዲት ቃል አልተናገርኩም» አለ የሻው፤ ዓይኑ ግን ያዝንላታል።

ያን ሳምንት ሁሉንም አፈረሰችው። በጥጥ ክር ሰፋች። በላስቲኩ ፈንታ ከሸማኔ ያሠራችውን ቀጭን የጥጥ ማሰሪያ አደረገች፤ ከጭንቅላት ኋላ የሚቋጠር። አፍንጫ ላይ ሽቦ አልፈለገችም፤ ያለ ሽቦ ግን ጨርቁ እየተከፈተ አስቸገራት። አባቷ በእጃቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው፣ «እንደ ቀሚስ ደረት ቆንጠጥ አድርገሽ ስፊው፣ ልጄ» አሏት። ቆንጠጥ አደረገችው። ፊት ላይ ልክክ አለ።

በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤቶች ሊከፈቱ ሆነ። ፀዳ በሚባለው ሰፈር የአንድ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት የሆኑት ወይዘሮ ሸዋገነት ማስኩን አይተው ወደዱት።

«ልጆቼ በየሜዳው ሰማያዊ እንዲጥሉ አልፈልግም» አሉ። «ግን ለትንሹም ለትልቁም ልክ ይሁን። ከአፍንጫ የሚወርድ ከሆነ እመልሰዋለሁ።»

እፀገነት ያገኘችውን ፊት ሁሉ መለካት ጀመረች። የጎረቤት ልጆችን፣ የባጃጅ ሾፌሮችን፣ ጢም ያላቸውን፣ ጢም የሌላቸውን። ቅዳሜ ደረሰና የሻው ገባ።

«ዛሬ ተራው የአንተ ነው» አለች ሜትሯን እየዘረጋች። «በሩ ላይ እንቁም፤ ነፋስ አለ። አውልቀው።»

የሻው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «የእኔ ይቅር።»

«ምነው? በሽታውን ፈርተህ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ?»

ዓይኑን ከዓይኗ ላይ አነሳ። አቶ ማሩ እንኳ መቀሳቸውን አስቀመጡ።

«በረዶው ይሟሟብኛል» ብሎ ሳጥኑን አንስቶ ወጣ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም። በዚያኛውም አልመጣም። እፀገነት በሩ ላይ ጥላ ባለፈ ቁጥር ቀና ትላለች። ሚስት አለችው፣ አለች በልቧ። እጮኛ አለችው። እኔ ሜትር ይዤ ስቀርበው ክፉ ነገር ያሰብኩ መሰለው። ደግሞ መለስ ብላ፣ ይኸን ሁሉ ቅዳሜ ታዲያ ምን ሊያደርግ መጣ?

«ያን ማሰሪያ ደጋግመሽ ፈታሽው፣ ልጄ» አሉ አባቷ።

«ክሩ እምቢ ብሎኝ ነው፣ አባዬ።»

«ክሩ ምን አደረገ! ትክል ድንጋይ እኮ ሩቅ አይደለም።»

በማግሥቱ ሳይሆን በሦስተኛው ቀን፣ ደፍራ ሚኒባስ ተሳፈረች። በቦርሳዋ ለትምህርት ቤቱ የሰፋቻቸውን ማስኮች ይዛለች፤ ለምን መጣሽ ቢላት የምትሰጠው ምክንያት ናቸው። ስትወርድ ሰው ጠይቃ የእንስሳት ክሊኒኩን አገኘች።

የሻው ግቢው ውስጥ የጥጃ አንገት በብብቱ አቅፎ መድኃኒት ያጠጣል። ማስክ አላደረገም። ሁለቱም እጆቹ ተይዘዋል።

ቀና ሲል አየችው። የላይኛው ከንፈሩ ከአፍንጫው ሥር ጀምሮ ተሰንጥቆ የተሰፋ ነው፤ ጠባሳው ከንፈሩን ወደ ላይ ሳብ አድርጎታል። የሻው አንድ እጁን ወደ ኪሱ ሊሰድ ሲል ጥጃው ሊያመልጠው ሆነ፤ ተመልሶ ያዘው። መሸሻ አልነበረውም።

እፀገነት በመንገድ ሁሉ ስታዘጋጀው የመጣችው ነገር ጠፋባት።

«ሚስት አለችህ?» አለችው።

«ምን?»

«ሚስት። ወይም እጮኛ።»

«የለችኝም» አለ ግራ ተጋብቶ።

«ተመስገን!»

ጮክ ብላ ኖሮ ተራ የሚጠብቁት ገበሬዎች አንገታቸውን አዞሩ። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ።

የጥጃው ባለቤት ጥጃውን ይዞ ከሄደ በኋላ የሻው እጁን ታጠበና ከባሕር ዛፉ ሥር ባለው ግንድ ላይ ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

«እንግዲህ አየሽው።»

«አየሁት።»

«ስወለድ ጀምሮ ነው። በልጅነቴ ሰፉልኝ። ትምህርት ቤት የወጣልኝን ስም ግን አልነግርሽም።» ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ቀጠለ። «ኮሮና ለሰው ሁሉ መከራ ሆነ። ለእኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ እረፍት ነበር። ገበያ መሃል ስሄድ ማንም ዞሮ አያየኝም። አንቺም ዓይን ዓይኔን እያየሽ ታወሪኛለሽ። በሽታው የሚያልቅበትን ቀን መፍራት ጀመርኩ፤ ይኸንንስ ለማን እናገራለሁ? ማስኩ ሲወርድ አንቺም የምትቀሪ መሰለኝ።»

እፀገነት የራሷን ማስክ አጥብቃ ቋጠረችና ከቦርሳዋ ሜትሯን አወጣች።

«ቀና በል።»

ቀና አለ። ከአፍንጫው ድልድይ እስከ አገጩ ለካች። ከጆሮ እስከ ጆሮው ለካች። ጣቷ ጠባሳው ጋ ሲደርስ አልዘለለውም፤ እዚያው ትንሽ ቆየ። የሻው ትንፋሹን ይዞ ነበር።

«ያምሃል?»

«አያምም።»

«የሰፋህ ሰው ጎበዝ ነው» አለች፤ እውነቷን ነበር፣ ስፌት ታውቃለች። «ክሩን አልጎተተውም።»

የሻው ሳቀ። ሙሉ ሳቁን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው፤ ከንፈሩ ወደ አንድ ወገን ይወጣና ጥርሱን ቀድሞ ያሳያል። እስከዚያ ቀን በልቧ ስትስለው የኖረችው ፊት ሌላ ነበር። ይኸኛው በለጠባት።

ሜትሯን እንደገና ዘረጋች።

«ለክተሽኝ የለም እንዴ?»

«ረሳሁት» አለች።

ማስኮቹ ለትምህርት ቤቱ ደረሱ፤ ከማንም አፍንጫ አልወረዱም። ችግሩ የመጣው ከሌላ ወገን ነው። ወይዘሮ ሸዋገነት ደውለው፣ «ልጆቹ ይለዋወጧቸዋል! ‹ወንድሜ፣ ያንተ ይሻላል› እያሉ!» አሏት። እፀገነት እየሳቀች የእያንዳንዱን ልጅ ማሰሪያ ጫፍ በየስሙ የመጀመሪያ ፊደል ጠለፈች። ካርቶኖቹ ከበሩ ላይ ተነሱ፤ ሁለት ሰፊዎች ተቀጠሩ። ትክል ድንጋይ ላይ ደግሞ የሻው ገበያተኛውን ሁሉ እየለመነ የተጣለውን ፌስታልና ማስክ ከግጦሽ ያስለቅም ጀመር።

ከዓመት በኋላ ሽማግሌ ላከ። ከላካቸው መሃል አያ ዋሴ አሉበት።

«ልጁ ምን ይመስላል?» ሲሉ አቶ ማሩ ጠየቁ። «ዓይኔ ደክሟል፤ አጥርቼ አላየሁትም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አያ ዋሴ ውሸት አይወዱምና ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እንግዲህ፣ ከንፈሩ ላይ ጠባሳ አለበት» አሉ።

«እሱንማ ልጄ ነግራኛለች። እኔ የጠየቅሁት ጠባዩን ነው።»

«ጠባዩን!» አሉ አያ ዋሴ ፊታቸው በርቶ። «ጠባዩንማ ላሞቹን ጠይቃቸው። መርፌ የወጋቸውን ሰው እጁን ይልሱታል!»

በዚህ ነገሩ አለቀ።

የተጋቡት በሽታው ቀልሎ፣ ሰው ፊቱን ከገለጠ በኋላ፣ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው እሑድ ነው። የሙሽራው እናት ወይዘሮ ይርገዱ ሙሽራዋን ጉንጭ በጉንጭ ስመው አልጠግብ አሉ። ፎቶ አንሺው ሁለቱን አቆመና ካሜራውን አስተካከለ።

«ሙሽራው፣ ትንሽ ወደ ጎን ዙርልኝ፤ ጠባሳው እንዳይታይ። የቀረውን እኔ በኮምፒውተር አጠፋዋለሁ።»

እፀገነት አፏን ከመክፈቷ በፊት የሻው ቀደማት።

«አታጥፋው፣ ወንድሜ» አለ። «ልጆች ስንወልድ አባታቸው መሆኔን በምን ያውቃሉ?»

ከዚያ ፊቱን ቀጥ አድርጎ ወደ ካሜራው ሳቀ። እፀገነት ካሜራውን አላየችም። በዚያ ፎቶ ላይ እስከ ዛሬ ድረስ የምታየው እሱን ነው።