አልከፈት ያለው አባሪ

ሰው በምን በምኑ ይተዋወቃል መሰላችሁ! በሠርግ፣ በትምህርት ቤት፣ በታክሲ ወረፋ። እኔና እሱ ግን የተዋወቅነው በኢሜይል አባሪ ነው። ሳቁ፤ እኔም ዛሬ እስቃለሁ። ያኔ ግን አስለቅሶኝ ነበር።

የምሠራው ውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት፣ አቤቱታ መቀበያ ክፍል ነው። ቧንቧ የፈነዳበት፣ ውሃ የጠፋበት፣ የጎረቤት ፍሳሽ ግቢው የገባበት ሁሉ ወደ እኛ ይጽፋል። እኔ ደግሞ ኢሜይሉን ለጥገና ክፍል አስተላልፋለሁ። ማስተላለፍ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የደንበኛውን ጽሑፍ እዚያው የራሴ መልእክት ውስጥ ዘርግቶ መላክ ሲሆን፣ ሌላው የመጣውን ኢሜይል እንዳለ አባሪ አድርጎ ማያያዝ ነው።

አለቃዬ፣ በሌሉበት «እቴጌ» የምንላቸው ሴትዮ፣ ገና በገባሁ ዕለት አስጠነቀቁኝ። «ልጄ፣ እዚህ ቤት የሰው አቤቱታ በአባሪ ነው የሚሄደው። ከአንቺ በፊት የነበረችው ውስጡ እየዘረጋች ስትልክ ፎቶው ይጠፋል፣ አድራሻው ይቆረጣል። አንድ ቀን የማያገባን ሰው አጥር ሥር ስንቆፍር ዋልን።»

እኔ ያኔ በሙከራ ላይ ያለሁ ቅጥር ነኝ። እቴጌ ካሉ አሉ ነው።

ጥገና ክፍል ኢሜይሉን የሚቀበለው አንድ ቴክኒሻን ነበር፤ ከቁመቱ የተነሳ ሁሉም «ረጅሙ» ይሉታል። የመጀመሪያውን አቤቱታ እንደላክሁለት መልስ መጣ። «አባሪው አልከፈት አለኝ።» ብዙም ሳይቆይ ራሱ መጣ። ጭቃ የነካ ቦት ጫማውን በር ላይ አወለቀና በካልሲ ገባ።

«ይቅርታ እህቴ፣ ስልኬ ላይ እንቢ አለ። ብታነቢልኝ?»

አነበብኩለት። የጻፉት ሰውዬ ጡረታ የወጡ ዳኛ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ «ከላይ የተጠቀሰው ቧንቧ ያለ አንዳች ምክንያት ማንባቱን ቀጥሏል» ይላሉ። ድምፄን እንደ ዳኛ አወፍሬ ሳነብ ረጅሙ ግድግዳ ተደግፎ በሳቅ ፍርስ አለ።

«ድገሚልኝ» አለኝ።

«አልገባህም እንዴ?»

«ገብቶኛል። ድገሚልኝ።»

ከዚያ በኋላማ ልማድ ሆነ። እልካለሁ፣ «አልከፈት አለኝ» ይላል፣ በካልሲው ይገባል፣ አነባለሁ። ሲያዳምጥ ዓይኑ ስክሪኑ ላይ አይደለም፤ እኔ ላይ ነው። ቀና ስል ወደ መስኮቱ ይሸሻል። አንዳንዴ አንብቤ ስጨርስ ሁለታችንም ዝም እንላለን። ያንን ዝምታ ከደሞዜ ይልቅ እወደው ነበር።

አንድ ቀን አዘንኩለት። «ይሄን ሁሉ ደረጃ ከምትወጣ፣ ዝም ብዬ ውስጡ ዘርግቼ ልላክልህ? አለቃዬ አያዩም።»

ደነገጠ። «ኧረ በፍጹም! ደንብ ደንብ ነው። በኔ ምክንያት ችግር ውስጥ እንድትገቢ አልፈልግም።»

አይ አሳቢነት! እንዲህ ያለ ሰውም አለ ለካ እያልኩ ቀኑን ሙሉ ብቻዬን ፈገግ ስል ዋልኩ።

ወደድኩት፤ ምን አስዋሸኝ። ቧንቧ ሳይፈነዳ የዋለ ቀን ይከፋኝ ጀመር። የሰው ቧንቧ እንዲፈነዳ የተመኘሁ የውሃ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሻይም ይጋብዘኝ ጀመር። ለቡድን መሪነት መታጨቱን የነገረኝ ሻይ ላይ ነው፤ አፍሮ ስኳሩን ደጋግሞ ያማስል ነበር።

የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሲል እቴጌ ጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ የታተመ ወረቀት ተቆልሏል። ሁሉም ላይ «አልከፈት አለኝ» ይላል።

«ልጄ፣ ሥራሽን እወደዋለሁ። ግን ዳይሬክተሩ ይሄን አይተው፣ ‹የላከችው ካልተከፈተ ልጅቷ ምን ትሠራለች?› አሉኝ። ምን ልመልስላቸው?»

«እየመጣ አነብለታለሁ እኮ!»

«እሱ የት ተጽፏል? የተጻፈው ይሄ ነው።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ሐሙስ ይወሰናል። እስከዚያ ችግሩ ምን እንደሆነ አጣርተሽ አምጪልኝ፤ አለዚያ ቋሚ ላደርግሽ አልችልም።»

እማዬ የጽዳት ሥራዋን የተወችው በኔ ነው። ጉልበቷ እያበጠ የሰው ወለል ስትወለውል አይቼ፣ «ከእንግዲህ አርፈሽ ተቀመጪ፣ እኔ አለሁልሽ» ያልኳት እኔ ነኝ። የቤት ኪራዩም ምኑም የሚከፈለው በኔ ደሞዝ ነው።

ረጅሙ ስልኩን ያሳየኝ፣ ጥፋቱ ከየት እንደሆነ አብረን እንይ ብዬ ወደ ጥገና ክፍል ወረድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ረጅሙ የመሣሪያ ሣጥን ላይ ተቀምጦ፣ ስልኩን ይዞ ለጓደኞቹ ያነብላቸዋል። ጠዋት የላክሁትን አቤቱታ ነው የሚያነበው፣ ያውም ፎቶውን እያሳየ፣ ያውም ድምፁን እንደኔ እያወፈረ!

«ይከፈታል?» አልኩ።

ጓደኞቹ መፍቻቸውን እያነሱ አንድ በአንድ ሹልክ አሉ።

«ይከፈታል» አለ።

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

«ታዲያ ለምን?»

«ምን ብዬ ልምጣ? ‹ላይሽ ነው የመጣሁት› ልበል? አፈርኩ። ‹አልከፈት አለኝ› ማለት ቀለለኝ።»

«ቀለለህ! እያንዳንዷ ‹አልከፈት አለኝ› ታትማ አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ ናት። ሐሙስ ሊያሰናብቱኝ ነው። እኔ ልቤን ስሰጥህ አንተ በእንጀራዬ ትጫወታለህ?»

ፊቱ አመድ መሰለ። ሊይዘኝ እጁን ሲዘረጋ ጥዬው ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ሁሉንም ለእማዬ ነገርኳት። ተነስታ የድሮ የሥራ ጋዋኗን ከቁም ሣጥን አወጣችና መተኮስ ጀመረች።

«ጉልበቴ እኮ አሁን ደህና ነው» አለችኝ።

ያን ጊዜ ጠላሁት።

ሐሙስ እቴጌ ቢሮ ገባሁ። እውነቱን ብናገር ማን ያምነኛል? አፌን ሳልከፍት በሩ ተንኳኳ። ረጅሙ ነው፣ በካልሲ።

«እትዬ፣ ሁሉም ይከፈት ነበር» አለ እንደቆመ። «የዋሸሁት እኔ ነኝ። እሷን ለማየት።»

እቴጌ እሱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ካልሲውን አዩ። «በቃል አይሆንም። በጽሑፍ!»

«ልኬዋለሁ። ለእርስዎም፣ ለዳይሬክተሩም፣ ለኛ ክፍል ኃላፊም።»

እቴጌ ከፍተው ስክሪኑን ወደኔ አዞሩት። አባሪ የለውም። ሁሉንም እዚያው መልእክቱ ውስጥ ዘርግቶታል። እኔ የላክሁት አቤቱታ፣ ከሥሩ የሱ ውሸት፣ ከውሸቱ ሥር ደግሞ «ይህን አንብቤ ነው ወደ ላይ የወጣሁት»። እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ ታች ይወርዳል። መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ «ማንም ሰው አልከፈት አለኝ እንዳይል እዚሁ ጽፌዋለሁ። ልጅቷ ጥፋት የለባትም። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ የወደድኳትም እኔ ነኝ።»

ዳይሬክተሩ አነበቡት። እሳቸው ካነበቡት ደግሞ ሕንጻው በሙሉ አነበበው ማለት ነው። እኔ ቋሚ ሆንኩ። እሱ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ የቡድን መሪነቱም ለሌላ ሰው ሆነ።

ከዚያ ወዲያ ዝር አላለም። አቤቱታ ስልክለት «ደርሶኛል፣ እናመሰግናለን» ብሎ ይመልሳል፣ እንደ ባዕድ። ቁጣዬ ቶሎ አልበረደም፤ ነገ ደግሞ በምን ይዋሸኝ ይሆን እያልኩ እብሰለሰላለሁ። ናፍቆቱም አልለቀቀኝም።

እማዬ ሁኔታዬን ስታይ ከርማ አንድ ቀን ተናገረች። «ልጄ፣ አንቺን ለማየት ብሎ ዋሸ። አንቺን ለማዳን ግን ሹመቱን አጥቶ እውነቱን ተናገረ። እኔ ሁለተኛውን ነው የማየው።»

«እማዬ፣ ከማን ወገን ነሽ አንቺ?»

«ከጉልበቴ ወገን» አለችና ሳቀች።

በማግስቱ ከመሥሪያ ቤታችን ጀርባ ያለው ዋና መስመር ፈነዳ። ያንን እንኳ አልተመኘሁም! በምሳ ሰዓት ሄድኩ። ረጅሙ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ከአፈሩ በላይ የሚታየው ጭንቅላቱ ብቻ ነው። እንዲህ ከላይ ሆኜ አይቼው አላውቅም።

«ስማ!» አልኩት። ቀና አለ። ጓደኞቹም መቆፈሩን አቆሙ።

«አሁንም ተናድጄብሃለሁ።»

«እውነትሽን ነው።»

«ከእንግዲህ ልታየኝ ከፈለግህ ሰበብ አትፈልግ። ‹ልይሽ› በለኝ፣ በቃ። ሌላ ነገር የቀባጠርክ ቀን ግን አበቃ።»

አካፋውን ጣለ። ጓደኞቹን ዞር ብሎ አየ፣ ወደኔ ተመለሰ።

«ላይሽ እፈልጋለሁ» አለ። መንገደኛው ሁሉ ሰማው። «ዛሬም፣ ነገም። ሁልጊዜም።»

ተንጠላጥሎ ወጥቶ ፊቴ ቆመ። እስከ ክንዱ ጭቃ ነው። እጁን ወደ ኋላው ደበቀ።

«ቆይ፣ ልታጠብ።»

«ውሃው ተዘግቷል» አልኩትና እጁን ከኋላው ስቤ ያዝኩት።