የዲያቆን ምሥጋናው መነጽር

ዲያቆን ምሥጋናው የዓይን ምርመራውን አንድም ሳይሳሳት ጨረሰ። ችግሩ፣ የጠራቸው ፊደላት ፊቱ ያሉት አልነበሩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰብሌ ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ መነጽር ቤት አላት። ከምሥጋናው በፊት አንድ መምህር ስትመረምር በሩ ክፍት ስለነበር፣ እሱ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ መምህሩ ከላይ እስከ ታች የጠራውን ሁሉ ሰምቷል። ተራው ሲደርስ እሷ እንደ ልማዷ ሰሌዳውን ገልብጣ ሌላውን ገጽ አሳየችው። እሱ ደግሞ የሰማውን ዳዊት እንደሚደግም ሰው አንበለበለው። በአብነት ትምህርት ቤት ያደገ ልጅ አንዴ የሰማው ከጆሮው አይወጣም።

ሰብሌ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«ዲያቆን፣ እኔ የጠየቅሁህ የምታየውን ነው።»

«እኛ ዘንድ የሚጠየቀው የያዝነው ነው» አላት፣ አፍሮ።

በደንብ ስትመረምረው ከክንዱ ርቀት ያለፈውን አጥርቶ አያይም። የዳባቱ የቄስ ላቀው ልጅ ነው፤ ሳይቀስስ በፊት ዓይኑን እንዲታይ የላኩት አባቱ ናቸው። ቁርባን የሚያቀብል እጅ በግምት አይሄድምና፣ የማያይ ከሆነ ቅስናው ይቀራል።

የመሞከሪያውን መነጽር አድርጋለት ሌንስ ስትቀያይር በመካከላቸው ስንዝር ብትቀር ነው። ድንገት ፊቷ ጠራለት።

«ቅንድብሽ ላይ ጠባሳ አለ።»

ደንበኞቿ ሁሉ አይተው እንዳላዩ የሚያልፉት ነገር ነው።

«የፈታሁት ባሌ ያተረፈልኝ ነው» አለችው።

ከንፈሩን አልመጠጠላትም፤ አልመከራትምም። ዝም ብሎ አያት። ሰብሌ እንዲህ ታይታ አታውቅም ነበርና በእጇ የያዘችውን ሌንስ የምታስቀምጥበት ጠፋት።

ለዓይኑ የሚስማማው ወፍራም ሌንስ ደባርቅ አይገኝም፤ ከአዲስ አበባ ይታዘዛል። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ሳምንታት አለፉ። ምሥጋናው ግን ለገበያ በወጣ ቁጥር «ደረሰ?» እያለ ብቅ ይል ነበር። ስልክ ቁጥሯን ይዟል፤ መደወል ይችል ነበር። እሷም እንዳይመጣ አልነገረችውም። ማታ ማታ ሱቋን ዘግታ እስከ ዳባት ሚኒባስ ትሸኘዋለች፤ የመንገዱን ቦይ ሲሻገር እንዳይወድቅ ክንዱን ትይዛለች። ቦዩን ካለፉ በኋላም አትለቀውም። ወደደችው። ዳግመኛ ወንድ አላምንም ብላ የማለችውን ሴትዮ እሱ ሲስቅ ረሳቻት።

ለቅስና የታጨ ዲያቆን ግን የሚያገባው ድንግል ነው። ፈት ካገባ ቅስናው አይታሰብም። ሰብሌ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ሌንሱ ሲመጣ መሳቢያ ውስጥ ሸሽጋ «አልደረሰም» ያለችውም ለዚህ ነው። መነጽሩን ካገኘ ይቀስሳል፤ ከቀሰሰ የእሷ አይሆንም። ሳምንት ዋሽታው ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣች። በመጨረሻ ሌንሱን አውጥታ፣ መነጽሩን ገጥማ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት።

አልነካውም።

«አባቴን ‹መነጽርም አይረዳውም› በያቸው» አለ ቀስ ብሎ። «አንቺን ያምኑሻል። ቅስናው ይቀርና በዜማዬ አገለግላለሁ፤ አንቺንም አገባለሁ።»

ለአፍታ ደስታው አጥለቀለቃት። ወዲያው ደግሞ መረራት። ቅስና ላመለጠው ሰው ማጽናኛ ልትሆን ነው።

«አባትህ ፊት ቁምና ሰብሌን ወድጃለሁ በል» አለችው። «ይህን ብቻ በል። ዕድሜ ልክህን እኔ ዓይን እሆንሃለሁ።»

«ይሞቱብኛል።»

«አይሞቱም። ጠይቃቸው።»

ሰብሌ ጠበቀች። ውጭ የሚኒባሱ ረዳት «ዳባት! ዳባት!» እያለ ይጣራል። ምሥጋናው መነጽሩን አነሣ፤ አደረገው፤ አያት፤ ደህና አድርጎ አያት። ከዚያ ወጣ። ቦዩን ብቻውን ተሻገረው።

ጥር ላይ በተክሊል አገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ቀሰሰ። ሰብሌ ወሬውን ከደንበኞቿ እየሰማች፣ የሰው ዓይን እየመረመረች፣ ቤቷ ስትገባ እያለቀሰች ከረመች። የምትጠላቸው ግን ቄስ ላቀውን ነበር። ልጁን የነጠቋት እሳቸው ይመስሏት ነበርና።

ከፋሲካ በኋላ ቄስ ላቀው ራሳቸው ሊመረመሩ መጡ። የልጃቸውን ዓይን ያበራችው እሷ መሆኗን ሰምተው ምርቃታቸው አላልቅ አለ። ሰብሌ እንደ ማንኛውም ሰው መረመረቻቸው፤ የማንበቢያ መነጽር እንደሚበቃቸው ነገረቻቸው። ስለ ሙሽሮቹ ደህንነትም ጠየቀች። ሽማግሌው ተከዙ።

«ጥንዶቹ ደህና ናቸው። ልጄ ግን ፊቱ አይፈታም» አሉ። «እኔ እንደሁ አላስገደድኩትም። ያን መነጽር አድርጎ የገባ ዕለት አስቀምጬ ጠየቅሁት። ደባርቅ ላይ ከአንዲት ሴት ጋር ክንድ ለክንድ ሲሄድ ታየ ብለውኝ ነበር። ‹ልጄ፣ ክህነት በግድ አይሆንም፤ ልብህ ያረፈባት ካለች፣ ፈትም ብትሆን፣ ንገረኝና ሽማግሌ ልላክልህ፤ ማኅሌቱም አገልግሎት ነው› አልኩት።»

የሰብሌ እጅ ከነመነጽሩ አየር ላይ ቀረ።

«ምን አለዎት?»

«ማንም የለችም አለኝ።»

ሰብሌ የመነጽሩን መስተዋት ወለወለችው። ከወለወለችው በኋላም እንደገና ወለወለችው። ከዚያ መነጽሩን ጆሯቸው ላይ አስተካክላ አደረገችላቸው። ቄስ ላቀው ፊት ለፊታቸው የተዘረጋውን ጽሑፍ አንብበው እንደ ልጅ ደስ አላቸው፤ መስቀላቸውንም ከጉያቸው አወጡ።

«እግዚአብሔር የልብሽን ይስጥሽ፣ ልጄ።»

«አሜን» አለች ሰብሌ፣ መስቀሉን እየተሳለመች። የከለከላት እግዚአብሔር እንዳልሆነ አሁን ታውቃለች። ሽማግሌውም አልነበሩም።