አዲሱ ዴቪድ

«ዴቪድ! ዛሬ ሥራ የለም እንዴ? ፈረንጆቹ ሁሉ ሶፋቸው ደርሷቸው አረፉ?»

ናፍቆት ከትምህርት ቤት እንደመጣች ቦርሳዋን ወርውራ በሩ ላይ ቆማ ነበር የምትጠይቀው። ወንድሟ የኔነህ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል። በዚህ ሰዓት ወረታ መናኸሪያ አጠገብ ካለው ፎቅ ላይ፣ ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጦ መገኘት ነበረበት።

የየኔነህ ሥራ ለማያውቅ ሰው ሲያወሩለት ተረት ይመስላል። ባህር ማዶ አንድ ትልቅ የቤት ዕቃ መደብር አለ። ደንበኞቹ «ሶፋው ዘገየብን፣ የጠረጴዛው እግር ተሰብሮ መጣብን» እያሉ ይጽፋሉ። መልሱን የሚጽፍላቸው ግን መደብሩ ውስጥ ያለ ሰው ሳይሆን ከፎገራ የሩዝ ማሳ ዳር የተቀመጠው የኔነህ ነው። ደንበኞቹ እንዳይደናገሩ ተብሎ ዴቪድ የሚል ስም ወጣለት። ሰፈሩ ይህን ሰምቶ ዝም ይላል? ባለሱቋ ደብረወርቅ እንኳ «ዴቪድ፣ ሳሙና ልስጥህ?» ማለት ከጀመረች ቆየች።

«ኧረ ተነስ! ነገ የኢኮኖሚክስ ክርክር አለብኝ። ሥራን ወደ ሌላ አገር መስጠት ጥቅሙ ያመዝናል ወይስ ጉዳቱ? የጥቅም ወገን ነኝ። በል ነጥብ ስጠኝ።»

«የጉዳት ወገን ሁኝ» አለ የኔነህ ሳይዞር።

«ሙድ አትያዝብኝ እንጅ!»

የኔነህ ዞረ። ዐይኖቹ ቀልተው ነበር። ናፍቆት ደነገጠች፤ አባታቸው ከሞተ ወዲህ ወንድሟን እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም።

«አልቋል» አለ። «ጠዋት ስንገባ መልእክት ጠበቀን። ሥራው ወደ ሌላ አገር ሄዷል። እዚያ ርካሽ ነው አሉ።»

«ከእናንተ የሚረክስ ሰው አለ?»

«ሁልጊዜ አለ።»

«እና ዝም አላችሁ? ማንንም አልጠየቃችሁም?»

«ማንን እንጠይቅ? አዲስ አበባ ያለው ወኪል ‹እኔም እንደ እናንተ ኢሜይል ነው የደረሰኝ› ይላል። ከእሱ በላይ ያለውን አናውቀውም። ተናደሽ የምትጮሂበት ሰው እንኳ የለም እኮ፣ ናፍቆት።» ተነስቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ሰሞኑን ደግሞ አዲስ ሠራተኞች አሠልጥኑ ብለውን በቪዲዮ እያስተማርናቸው ነበር። እንዴት እንደምንመልስ፣ የተቆጣን ደንበኛ እንዴት እንደምናበርድ፣ ሁሉንም አስረከብናቸው። ጓደኞቻችን ሊሆኑ ነው ብለን እኮ ነው።»

ናፍቆት ምን እንደሚባል ጨነቃት። ማጽናናት አታውቅበትም፤ የምታውቀው መቀለድ ነው። የወንድሟን ስልክ አነሳችና የመደብሩን ገጽ ከፈተች፤ እየቀለደች በእንግሊዝኛ «የገዛሁት ወንበር እስካሁን አልደረሰኝም» ብላ ጻፈች። መልሱ ወዲያው መጣ።

«ሰላም! ዴቪድ እባላለሁ። ወንበሩ በመዘግየቱ ከልቤ አዝናለሁ። አይጨነቁ፣ አብረን እንፈታዋለን።»

የኔነህ ስልኩን ተቀብሎ ደጋግሞ አነበበው።

«‹አብረን እንፈታዋለን› የኔ ናት» አለ ቀስ ብሎ። «ድሮ ‹ጉዳዩን እናየዋለን› ነበር የሚባለው። ‹ከልቤ› የምትለዋንም እኔ ነኝ የጨመርኳት። ደንበኞች ወደዷት ብለው ሁላችንም እንድንጽፋት አደረጉ።»

ናፍቆት ስልኩን መልሳ ወሰደችና «ዴቪድ፣ የት አገር ነህ?» ብላ ጻፈች። አሁን መልሱ ትንሽ ዘገየ። «ይቅርታ፣ ያሉበትን ችግር መፍታት ላይ ብናተኩር። ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?»

«ይችም የኔ ናት!» አለና የኔነህ ሳቀ። የሚያስጠላ ሳቅ ነበር። «ተይው በቃ። እንዳታስቸግሪው። ደቂቃ ይቆጥሩበታል፤ ምን አጠፋ እሱ?»

ናፍቆት ስልኩን አጠፋች። አዲሱን ዴቪድ ልትሰድበው ነበር፤ ግን በምን ጥፋቱ?

እናታቸው ወይዘሮ አምሳል ከገበያ ተመልሳ ነገሩን ስትሰማ ዘንቢሏን እንኳ ከእጇ ሳታስቀምጥ ቆማ ቀረች። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ብያችሁ ነበር ያኔ፤ ማን ሰማኝ?»

እውነቱን ለመናገር ወተቷንስ አይተዋል። ያፈስ የነበረው ጣራ የተቀየረው በዴቪድ ደመወዝ ነው፤ የናፍቆትም ዩኒፎርም እንደዚያው። ችግሩ ላሚቱን ለማለብ ሲባል የታረዱት ነገሮች ናቸው። ለየኔነህ ኮምፒውተር ሲገዛ የአባታቸው ጥንድ በሬዎች ተሸጡ። በሬ ሲጠፋ ደግሞ የሩዝ ማሳቸው ለአያ ዘመነ የእኩል ተሰጠ። አያ ዘመነ ያርሳሉ፣ ይዘራሉ፣ ያርማሉ፣ ያጭዳሉ፤ ምርቱ ሲገባ እኩል ይካፈላሉ። የአያ ዘመነ የራሳቸው መሬት ርብ ወንዝ በየክረምቱ የሚሸረሽረው ቁራጭ ነውና፣ እሳቸውም ከነቤተሰባቸው በዚህ ማሳ ነው የሚተዳደሩት።

ወይዘሮ አምሳል እስከ ምሽት ጓዳ ለጓዳ ስትንጎዳጎድ ቆየች። እራት ሲነሳ ግን ናፍቆትን ጠራቻት።

«ባለወፍጮው ባየህ ማሳውን በኮንትራት ልያዘው ብሎኝ ነበር። ገንዘቡን አስቀድሞ ይሰጣል። እሱ በትራክተር ነው የሚያርሰው።»

«አያ ዘመነስ?»

«ገና ዘር አልጣለም። ዘር ሳይወድቅ ማሳው የባለቤቱ ነው።»

«እማየ! ደጋግመው አርሰውት እኮ!»

«አውቃለሁ!» አለች እናቷ፤ ድምጿ ተሰበረ። «ያላወቅሁ መሰለሽ? እኩሌታው እስኪደርስ ግን ምን እንብላ? ወንድምሽ ሌላ ሥራ ፍለጋ የሚሄድበትን ከየት ላምጣ? ንገሪኝ እስቲ፣ ከየት?»

ናፍቆት ወደ ወንድሟ ዞረች። የኔነህ አቀርቅሮ መሬት መሬቱን ያያል።

«ነገ ለመስከረም ንገሪያት። ለአባቷ ታድርስለት።»

መስከረም የአያ ዘመነ ልጅ ናት። ከናፍቆት ጋር ዘጠነኛ ክፍልም አሁን አሥረኛ ክፍልም አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። ከሌሎች የገጠር ልጆች ጋር ቤት ተከራይታ ትማራለች፤ ዓርብ ዓርብ ወደ ቤቷ ሄዳ ስንቅ ይዛ ትመለሳለች።

«አንች ለምን አትነግሪያቸውም?»

«ዐይኑን ማየት አልችልም» አለች ወይዘሮ አምሳል። «አባትሽ የሞተ ዕለት መቃብሩን ሲቆፍር የዋለው እሱ ነው።»

በማግስቱ ዓርብ ናፍቆት ክፍል ስትገባ መስከረም ቀድማ ተቀምጣ ወረቀቷን እያገላበጠች ነበር። የጉዳት ወገን መሪ እሷ ናት።

«ዛሬ አለቀልሽ!» አለቻት እየሳቀች። «ዴቪድን ምስክር አድርገሽ ብትጠሪው እንኳ አላዝንልሽም።»

አሁን ልንገራት፣ አለች ናፍቆት በልቧ። አፏን ስትከፍት መምህር ይሁኔ ገቡ። ሲገቡ ደስ አላት፤ ደስ ስላላት ደግሞ ራሷን ጠላች።

ክርክሩ ተጀመረ። ከናፍቆት ወገን ያለ አንድ ልጅ የውጭ ምንዛሪ፣ የቋንቋ ችሎታ፣ የሥራ ዕድል እያለ ደረደረ። ከወዲያ በኩል ደግሞ «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!» ብሎ የሚጮኽ ተነሳና ክፍሉን አሳቀው። ከዚያ ተራው የመስከረም ሆነ።

«እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ» አለች። «ሥራው ወደ እኛ ሲመጣ፣ እዚያ ከወንበሩ የተነሳው ማን ነው? እኛ ‹ዕድል› የምንለውን ያ ሰውየ ምን ይለዋል?»

ናፍቆት ይህን አስባው አታውቅም። ከየኔነህ በፊት እዚያ አገር ሌላ ዴቪድ ሳይኖር አልቀረም፤ ምናልባትም ስሙ የእውነት ዴቪድ የሆነ።

«ጥቅም የለውም አልልም» ቀጠለች መስከረም። «እኛም የሰው መሬት እያረስን ነው የምንኖረው። በዚያ ነው ያደግሁት፤ ባለቤቶቹም ደግ ሰዎች ናቸው።» ወደ ናፍቆት አየችና ፈገግ አለች። «ግን አባቴ በየዓመቱ ግንቦት ሲሆን ስልክ በጮኸ ቁጥር ይደነግጣል። ‹ማሳችን› ሲል ሰምቸው አላውቅም። ምንም ሳታጠፉ፣ ሥራችሁን አሳምራችሁ እየሠራችሁ፣ አንድ ቀን ‹በቃ› የምትባሉ ከሆነ ሁልጊዜ ፈርታችሁ ነው የምትኖሩት። በኮምፒውተርም ይሁን በሞፈር ያው ነው።»

ክፍሉ አጨበጨበ። ናፍቆት እጆቿን ከጠረጴዛው ሥር ደበቀቻቸው።

«የጥቅም ወገን፣ ናፍቆት፣ መልስ አለሽ?» አሉ መምህር ይሁኔ።

ቆመች። ያጠናችው ሁሉ ጠፋባት።

«ወንድሜ ተመርቆ ብዙ ጊዜ ያለ ሥራ ተቀምጦ ነበር» አለች። «በመተማ በኩል አገር ጥሎ ሊሄድ ከጓደኞቹ ጋር ተነጋግሮ ጨርሷል። ያ ሥራ ሲመጣ ቀረ። ከሄዱት ውስጥ ወሬው ያልተሰማ አለ። ወንድሜ ግን ቤታችን ነበር፤ ማታ ማታ ሲገባ በሩን የምከፍትለት እኔ ነኝ። ይኸ ጥቅም ነው።» «ሌላ የለኝም» ብላ ተቀመጠች።

መምህር ይሁኔ ማን እንዳሸነፈ አልተናገሩም። መስከረም ግን በክርኗ ጎሰም አደረገቻትና «እኔን ልታስለቅሽኝ ነበር እኮ፣ በናትሽ» አለቻት በሹክሹክታ።

ደወሉ ሲደወል ተማሪው ተግተልትሎ ወጣ። መስከረም ባዶ የስንቅ ከረጢቷን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። አሁን ከተነገራት መንገዱን ሁሉ ብቻዋን ይዛው ልትሄድ ነው። ቤት ስትደርስ ደግሞ የማታውቀውን ለምን፣ እንዴት፣ ከመቼ ጀምሮ እየተባለች ለአባቷ ልታስረዳ ነው። «እኔም እንደ እናንተ ነው የሰማሁት» ልትላቸው ነው፣ እንደ አዲስ አበባው ወኪል። ናፍቆት ማሳውን ማስመለስ አትችልም። እናቷን አትፈርድባትም። ባየህም ቢሆን ሌባ አይደለም። የምትይዘው ነገር ፈልጋ አጣች።

«ዛሬ አብሬሽ ልሂድ» አለች።

«እውነት?» መስከረም ተንጠለጠለችባት። «አባቴ እንዴት እንደሚደሰት! ‹የያየህ ልጅ ጠፋች› ይላል ሁልጊዜ።»

ያየህ የናፍቆት አባት ነበር።

ከአስፋልቱ ወርደው በሩዝ ማሳዎቹ መሀል በሚያልፈው መንገድ ሄዱ። ሌሊት የጣለው ዝናብ ዋልካ አፈሩን አርሶት ጥቁር ሆኗል። መስከረም ስለ ክርክሩ፣ ስለ ፈተናው፣ ስለ አከራይዋ ቁጣ ታወራለች። ናፍቆት «እህ» ትላለች። እየሄደች ቃላት ታዘጋጃለች፤ ሲመጡላት ግን ሁሉም የሚታወቁ ናቸው። ከልብ እናዝናለን። አይጨነቁ። አብረን እንፈታዋለን።

ማሳው ሲታይ አያ ዘመነ ከበሬዎቻቸው ኋላ ነበሩ። ከላይ እስከ ታች ሰንጥቀውታል፤ የቀራቸው የዳር የዳሩ ነው። በሩቅ አዩዋቸውና ጅራፋቸውን ከፍ አደረጉ።

«ኧረ ናፍቆት! እንዴት ሰነበትሽ ልጀ? እናትሽ ደህና ናት? የኔነህስ፣ ሥራው እንዴት ይዞታል?»

መስከረም ከድንበሩ ላይ ቆማ «አባየ፣ ዛሬ በክርክር ረታኋት!» ብላ ጮኸች።

እዚያው መንገዱ ላይ ሆኖ መናገር ይቻል ነበር፤ ድምፅ ይሰማል። ተናግሮ ወዲያው ዞር ማለትም ይቻል ነበር። ናፍቆት ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች፣ ካልሲዋን ውስጡ ከተተችና ድንበሩ ላይ አስቀመጠችው።

«ምን ሆነሻል? ዋልካ ነው እኮ፣ ይይዝሻል!» አለቻት መስከረም እየሳቀች።

ያዛትም። እግሯን በነቀለች ቁጥር ጭቃው እየከበደ፣ ትልሙን እያቋረጠች፣ በሬዎቹ ትንፋሽ እስኪሰማት ድረስ ሄደች።

«አያ ዘመነ፣ በሬዎቹን ያቁሟቸው» አለች።

አያ ዘመነ አቆሟቸው። ጅራፉን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ላባቸውን ጠረጉ፤ ፈገግታቸው ገና ከፊታቸው አልጠፋም ነበር።

«ምነው ልጀ? ክፉ ነገር አለ እንዴ?»

የሰው ልጅ ሁሉ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፣ «ኧረ ምንም የለም»፤ ናፍቆትም ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰጠው ኖራለች። ዛሬ ግን አንገቷን ሳትደፋ ዐይናቸውን አየች።

«አለ» አለች።